በእርጎ ያመነው ሰውዬ እና የእማዬ ጣቶች

ባለፈው ወር ከእማዬ ጋር በእርጎ ተጣላን። አዎ፣ በእርጎ።

እማዬ የምትኖረው አቃቂ ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እሷ ጋ ሄጄ ቡና እንጠጣለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ጣቶቿ ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ስትነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ እጇ አልታዘዝ ይላታል። ሊጥ ማቡካት ቀርቶ ጀበና አንስቶ መቅዳት አቃታት። ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው፣ ሪህ ነው እየተባለ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሐኪም አይተዋት ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አሉ። የሰውነታችን መከላከያ ጠላትን ትቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት። ከጥቂት ወራት በኋላ እብጠቱ ጎደለ፤ ጀበናውም ወደ እጇ ተመለሰ።

ያን ቅዳሜ ስሄድ ግን ቡናውን የምትቀዳው የጎረቤት ልጅ ናት። እማዬ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ጓዳ ገብቼ የመድኃኒቱን ፓኬት አየሁት። አምስት ሳምንት አልተነካም። አጠገቡ በወይራ የታጠነ ቅል ሙሉ እርጎ ተቀምጧል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ ተልኮላታል። የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ የሚጀምረው ከአንጀት ነው፣ ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ አንጀትን ያጥባል፣ ኪኒን ይቅርባችሁ ይላል። ማስረጃ? ኖቤል የተሸለመ አውሮፓዊ ሳይንቲስት አረጋግጦታል። በቃ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ግን አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ ትልቅ ስም ተጠርቶ ነገር ሲሸጥልኝ ባለስሙን ሰው ፈልጌ ማየት። ያን ሌሊት ዳታዬ እስኪያልቅ ስለ ሰውዬው አነበብኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከቪዲዮው በጣም ይሻላል። ስለዚህ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሊያ ሜችኒኮፍ ይባላል፤ ፈረንሳዮች ኤሊ ይሉታል። በ1845 የተወለደው ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ካርኪቭ ከተማ አቅራቢያ ነው። ያኔ አካባቢው በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበር። ገና ልጅ ሳለ ስለ ዕፅዋትና ስለ ነፍሳት ለወንድሞቹና ለመንደሩ ልጆች ሌክቸር ይሰጥ ነበር። የሚገርመው፣ ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡት ከኪሱ ሳንቲም ይከፍላቸዋል። ዛሬ ቢሆን ፖስቱን ቡስት ያደርግ ነበር ማለት ነው። ካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። በ22 ዓመቱ ኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ።

ጭንቅላቱ ፈጣን ቢሆንም ልቡ ግን ቶሎ የሚሰበር ሰው ነበር። በ1869 ሉድሚላ የምትባል ሴት አገባ። ሙሽሪት በሳንባ ነቀርሳ ከመዳከሟ የተነሳ ቤተ ክርስቲያን የገባችው ወንበር ላይ ተቀምጣ በሰው ሸክም ነው። አየር ይለወጥላት ብሎ ከአገር አገር ይዟት ዞረ፤ አልሆነም። በ1873 ማዴይራ ደሴት ላይ ሞተች። እሱም ኀዘኑን መሸከም አቅቶት ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ደግነቱ ተረፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኦልጋን አገባ። እሷም በ1880 በታይፎይድ ልትሞት ደረሰች። በዚያ ላይ ልቡ ታሟል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፖለቲካው ተባብሷል። በ1881 ከአገርሺ ትኩሳት ሕመምተኛ የተወሰደ ደም ራሱን ወጋ። በሽታው በደም መተላለፉን ለማወቅ ነው ይባላል፤ ቅርብ የሚያውቁት ግን የመኖር ፍላጎቱ እንዳለቀ ገብቷቸዋል። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት እኛ አገር ዛሬም ሰው የሚያሠቃይ በሽታ ነው። እሱ በጣም ታመመ፤ ግን ዳነ። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ ሕይወትን የሚወድ ሌላ ሰው ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1882 ከዩኒቨርሲቲው ለቅቆ ቤተሰቡን ይዞ ሲሲሊ ደሴት፣ ሜሲና የምትባል የወደብ ከተማ ገባ። በዚያ ዓመት መጨረሻ አንድ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ሰርከስ ለማየት ወጣ። እሱ ብቻውን ቤት ቀርቶ በማይክሮስኮፕ የባሕር ኮከብ እጭ ያያል። እጩ እንደ መስታወት ውስጡ የሚታይ ነው፤ በውስጡ ደግሞ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሴሎች አሉ። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት። እነዚህ ሴሎች ዘበኛ ቢሆኑስ? ባዕድ ነገር ሲገባ ሊይዙት የሚሮጡ ቢሆኑስ? ግቢው ውስጥ ካለ ተክል ትንንሽ እሾህ ለቅሞ እጮቹን ወጋቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ማለዳ ሲያይ ሴሎቹ እሾኹን ከበውታል።

እኛም ጣታችንን እሾህ ወግቶን ሲያብጥና ሲቀላ የሚሆነው ይኸው ነው። ሐኪሞቻችን ብግነት የሚሉት ነገር። ከሜችኒኮፍ በፊት ብዙ ሐኪም ብግነትን ጉዳት ብቻ አድርጎ ያየው ነበር። እሱ ግን ይህ የሰውነት ውጊያ ነው አለ። ወራሪውን የሚውጡትን ሴሎች በግሪክኛ በሊታ ሴሎች ብሎ ሰየማቸው። የጀርመን ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም። ውጊያው የሚካሄደው በደሙ ፈሳሽ እንጂ በሴል አይደለም ብለው ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከሩት። በኋላ ሁለቱም ወገን እውነት እንደያዘ ታየ። በ1908 የሕክምናው ኖቤል ለሜችኒኮፍና ከተቃራኒው ወገን ለነበረው ለጳውል ኤርሊኽ ለሁለት ተሰጠ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ቪዲዮው ኖቤል ያሸለመው እርጎ ነው የሚል ያስመስላል። አይደለም። ያሸለመው የእሾኹ ሥራ ነው። እማዬን የሚመለከታትም እሱው ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ማለት እነዚያ ዘበኞች የራሳቸውን ቤት ሰው ሌባ ብለው ሲይዙ ነው። ሜችኒኮፍ ራሱ ማክሮፋጅ ብሎ የሰየማቸው ትልልቆቹ በሊታ ሴሎች መገጣጠሚያ ውስጥ ተሰብስበው ቲኤንኤፍ የሚባል የብግነት መልእክት ይረጫሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋሉት አዳዲስ የአርትራይተስ መርፌዎች የሚዘጉት ያን መልእክት ነው። ሰውዬው ለመገጣጠሚያ ሕመም ትልቁን ውለታ የዋለው ስለ መገጣጠሚያ ሳያስብ፣ በባሕር ኮከብ ነው።

እርጎው የመጣው በኋላ ነው። በ1888 ፓሪስ ሄዶ ሉዊ ፓስተር በሰጠው ቤተ ሙከራ መሥራት ጀመረ፤ እስኪሞትም ፓስተር ኢንስቲትዩትን አልለቀቀም። ዕድሜው ሃምሳን ሲያልፍ አንድ ጥያቄ ያዘው፤ ለምንድን ነው የምናረጀው? መልሱን አንጀት ውስጥ ፈለገ። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ምግብ የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች አሉ፣ የሚያወጡት መርዝ ወደ ደም እየገባ ያስረጀናል አለ። ወተት ግን ሲረጋ አይበሰብስም፤ ለምን? በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚያመነጩ። እንግዲያው የእርጎን ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ ብናሰፍር መበስበሱ ይቆማል፣ እርጅናም ይዘገያል።

ሐሳቡ ያምራል፣ አይደል? ማስረጃው ላይ ስንመጣ ግን የኢኮኖሚክስ መምህሮቼ ያስታውሱኛል። ሜችኒኮፍ የጠቀሰው የቡልጋሪያ ገጠር ሰዎችን ነው። እርጎ ይጠጣሉ፣ መቶ ዓመት የሞላቸውም በመካከላቸው ብዙ ናቸው ተብሏል። ስለዚህ እርጎ ዕድሜ ያረዝማል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዕድሜ በመዝገብ ሳይሆን በትውስታ በሚቆጠርበት ገጠር፣ መቶ ዓመት ሞላኝ ማለት ምን ያህል ትክክል ነው? አያቴ ራሷ የተወለደችው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ይሁን በኋላ ቤተሰቡ ተስማምቶ አያውቅም። ዕድሜው እውነት ነው ብንል እንኳ፣ እነዚያ ሰዎች ተራራ ይወጣሉ፣ ያርሳሉ፣ ንጹሕ አየር ይተነፍሳሉ። እርጎው ነው ያቆያቸው ወይስ ሌላው? ሁለት ነገር አብሮ ታየ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ፈተና ላይ ይህን የሳተ ተማሪ ማርክ ይቆረጥበታል፤ ሜችኒኮፍ ግን ዓለምን አሳመነ።

በ1904 ፓሪስ ውስጥ ስለ እርጅና ለሕዝብ ንግግር አደረገ። ጋዜጦች እርጎ የምትለዋን ቃል ነጥቀው ሮጡ። ራሱ ያስቀመጣቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ በመንገድ ቀሩ። ፋርማሲዎች የእርጎ ባክቴሪያ በዱቄትና በኪኒን መሸጥ ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት ስታመን ግሪጎሮፍ የሚባል ጄኔቫ የሚማር ወጣት ቡልጋሪያዊ የእርጎውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣው፤ ወሬው የባሰ ተስፋፋ። ቫይራል መሆን በቲክቶክ አልተጀመረም ማለት ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ከእርጎ አልፎ ሄደ። ትልቁ አንጀት የመርዝ ጓዳ ነው የሚለው ሐሳብ ለንደን ሲደርስ፣ አርቡትኖት ሌን የሚባል ዝነኛ ቀዶ ሐኪም የሰዎችን ትልቅ አንጀት እየቆረጠ ማውጣት ጀመረ። የመገጣጠሚያ ሕመምም ከአንጀት መርዝ የሚመጣ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከታካሚዎቹ በዚያ ቀዶ ጥገና ምክንያት የሞቱ አሉ። ሁሉ ሕመም ከአንጀት ነው የምትለዋ የቪዲዮው ዓረፍተ ነገር የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ያኔም ሰው ገድላለች።

ሜችኒኮፍ ራሱስ? እርጎውን በየቀኑ ይጠጣ ነበር። ሰው ሊሸጥ የፈለገውን ነገር ራሱ ሲጠቀም ደስ ይለኛል። ግን አጠጣጡን ስሙኝ። ያልበሰለ ነገር ፈጽሞ አይበላም፤ ፍራፍሬ እንኳ በፈላ ውሃ ያስጥባል። ጥሬ ወተት ውስጥ ስንት ዓይነት ጀርም እንዳለ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ነዋ! የሚመክረው ወተቱን መጀመሪያ አፍልቶ፣ ከዚያ ተለይቶ ያደገ ንጹሕ የእርጎ ባክቴሪያ ጨምሮ ማርጋት ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ልቡ ተሰበረ። ቤተ ሙከራው ባዶ ቀረ፣ ወጣቶቹ ወደ ግንባር ሄዱ። በ1916 በልብ ድካም ሞተ፤ 71 ዓመቱ ነበር። ሊሞት ሲል ያሳሰበው ነገር ያሳዝናል፤ ሰዎች የእኔን ዕድሜ አይተው ሐሳቡን ይንቁታል ብሎ ይጨነቅ ነበር። እርጎውን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ቤተሰቤም ልበ ደካማ ነው ይል ነበር። ከሞተ በኋላ አንጀቱን በደንብ እንዲመረምሩለትም ለሐኪም ወዳጁ አደራ ሰጠ። እስከ መጨረሻው ዳታ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። አመዱ ዛሬም በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል።

እሱ ከሞተ በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ሄደ። አንዱ የንግዱ መንገድ ነው። በ1919 አይዛክ ካራሶ ባርሴሎና ውስጥ ከፓስተር ኢንስቲትዩት ባመጣው የእርጎ ባክቴሪያ እርጎ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ በልጁ በዳንኤል ቅጽል ስም ዳኖን አለው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሚኖሩ ሺሮታ በ1935 ያኩልትን ለገበያ አቀረበ። ሁለተኛው የሳይንሱ መንገድ ነው፤ እሱ ቀዝቃዛ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሲመረመር፣ የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ እንደማይሰፍር ታወቀ። አልፎ ሂያጅ እንግዳ ነው። የሜችኒኮፍ መልስ ወደቀ።

ጥያቄው ግን አልወደቀም። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሌላው አካላችን ላይ ምን ያደርጋሉ? ከመቶ ዓመት በኋላ ሳይንቲስቶች ተመልሰው መጡበት። በ2013 ኒውዮርክ ያሉ ተመራማሪዎች ገና መድኃኒት ያልጀመሩ አዲስ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞችን አንጀት መረመሩ። ፕሬቮቴላ ኮፕሪ የምትባል ባክቴሪያ ከሕመምተኞቹ በ75 ከመቶው ተገኘች፤ ከጤነኞቹ ግን በ21 ከመቶው ብቻ። አገኘናት፣ ወንጀለኛዋ ይቺ ናት ልትሉ ነው። ቀስ! የፕሬቮቴላ ወገኖች ጤናማ በሆኑና እህልና አትክልት በብዛት በሚበሉ ሰዎችም ይበዛሉ፤ በቡርኪና ፋሶ ገጠር ሕፃናት አንጀት ውስጥ በብዛት ተገኝተዋል። ባክቴሪያዋ በሽታውን አመጣች፣ በሽታው እሷን አበዛት ወይስ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ? ያው የቡልጋሪያው ጥያቄ ነው፤ አሁን ግን ሰዎቹ ከመልሱ በፊት ቆም ማለትን ተምረዋል።

ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ሕይወት ያላቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች፣ ለሕመምተኞች ሰጥተው የሞከሩም አሉ። ኢራን ውስጥ በጥቂት ደርዘን ሴቶች ላይ ለስምንት ሳምንት በተደረገ ሙከራ የብግነት ምልክቶች ቀነስ ብለው ታይተዋል። ሌሎች ሙከራዎች ደግሞ ይህን ያህል ለውጥ አላገኙም። አብዛኞቹ ትንንሽና አጭር ናቸው። ልብ በሉ፣ በእነዚህ ሙከራዎች ፕሮባዮቲኩ የሚሰጠው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይደለም።

አንድ የወደድኩትን ልጨምር። ሰልፋሳላዚን የሚባል የአርትራይተስ ኪኒን አለ። ናና ስቫርትዝ የምትባል ስዊድናዊት ሐኪም ናት ያስጀመረችው። ይህ ኪኒን ሁለት መድኃኒት የተጣመረበት ነው፤ ጥንዱን የሚፈታው ማን መሰላችሁ? ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች። ሜችኒኮፍ መርዝ ጠማቂ ያላቸው ማለት ነው! አንጀትና መገጣጠሚያ በእርግጥ ይተዋወቃሉ። ትውውቃቸው ግን ቪዲዮው እንደሚለው ቀላል አይደለም።

ወደ እኛ እርጎ እንምጣ። የእኛ እርጎ አብዛኛውን ጊዜ ያልተፈላ ወተት በታጠነ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ በራሱ የሚረጋ ነው። የአገራችን ተመራማሪዎች መርምረውት አሲድ አምራች ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሞልተውበታል። ጣዕሙንም እናውቀዋለን፣ አንከራከርም። ችግሩ ወተቱ ላይ ነው። ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መምረሩም ሁሉንም ጀርም አይገድልም። ብሩሴሎሲስ ደግሞ ዋና ምልክቱ ምን መሰላችሁ? ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም! መከላከያን የሚያለዝብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደጋው ይብሳል። ለመገጣጠሚያ ብላ የጠጣችው ነገር መገጣጠሚያዋን ሊያሳምማት ይችል ነበር ማለት ነው። እንጀራም ፕሮባዮቲክ ነው የምትሉ አላችሁ፤ ሊጡ ሕያው ነው፣ ምጣዱ ግን ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። የጤፉ አሰር ነው አንጀት ውስጥ ላሉት ምግብ የሚሆነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ስለ 75 ከመቶ ሳወራ እያዛጋች ነበር። ሙሽሪት በወንበር ተሸክመዋት ቤተ ክርስቲያን መግባቷ ላይ ስደርስ ግን ከንፈሯን መጠጠች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሰውዬው ራሱ ወተቱን ያፈላ ነበር ወይ? አዎ አልኳት። ዝም አለች። ቅሉን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ያለፉትን ኪኒኖች አንድ ላይ መዋጥ አደገኛ ስለሆነ በራሳችን አላስጀመርናትም። ሐኪሟ አልተቆጧትም፤ ደም አስመርምረው መድኃኒቱን መልሰው አስጀመሯት። እርጎም አልከለከሏትም፤ ከተፈላ ወተት ይሁን ብቻ ነው ያሉት። ለእኔ ግን ለብቻዬ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ይህ በሽታ ባልታከመበት ጊዜ የሚበላው አጥንት ተመልሶ አይበቅልም።

አሁን እማዬ ወተቱን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ካለፈው እርጎ በንጹሕ ማንኪያ ጨምራ ታረጋለች። ሐሙስ ማታ ደግሞ ደውዬ ኪኒኗን አስታውሳታለሁ። ጀበናውን እንደገና ይዛለች። የጋብቻ ቀለበቷ ግን እስካሁን አልገባላትም፤ ቡና ስትቀዳ ዓይኔ እዚያ ጣቷ ላይ ነው።